ወተቱ ላምበረት እስኪደርስ፦ ሙቀት አጋጁ ኤሮጄልና በአርሶ አደሩ እጅ ያሉ አማራጮች

ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ተነስተው በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ተሽከርካሪዎች ሸኖን፣ ሰንዳፋንና ለገጣፎን አልፈው ላምበረት ይደርሳሉ። ለመንገደኛው ላምበረት መናኸሪያ የጉዞው ማብቂያ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም አትክልት ለላከ አምራች ግን የድካሙ ዋጋ የሚታወቅበት በር ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ የተጫነ ወተት ከተማ ሲደርስ ቢመለስ፣ ጠንካራ ሆኖ የተለቀመ ቲማቲም ለስልሶ ቢራገፍ ኪሳራው በቀጥታ የሚያርፈው በአምራቹና በማኅበሩ ላይ ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የመንገዱ ርዝመት ነው። ምርቱን በዋናነት የሚያበላሸው ግን በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሙቀት ነው። ወተት ከላም ጡት ሲወጣ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት አለው። በዚህ ሙቀት ከቆየ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በእጥፍ ሊራቡ ይችላሉ። ወደ 4 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን እድገታቸው እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ምርትን በቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ቅዝቃዜውን እንዳያጣ ማድረግ ከማምረት የማይተናነስ ሥራ ነው።

ቅዝቃዜን ከሚጠብቁ የሙቀት መከላከያ ቁሶች መካከል በዓለም ላይ ከፍተኛ ደረጃ ከያዙት አንዱ ኤሮጄል ይባላል። ስሙ በገበያና በጨረታ ሰነዶች ውስጥ መታየት በጀመረበት በዚህ ዘመን ምንነቱን፣ ዓይነቶቹንና የት እንደሚያዋጣ ማወቅ ለወረዳ ኃላፊዎችም ለአርሶ አደሮችም ይጠቅማል። የት እንደማያዋጣ ማወቅም እንዲሁ።

ጋቢ ለምን ያሞቃል?

ጋቢ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። በድርብርቡ ጥጥ ውስጥ የያዘው አየር ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ የሰውነታችን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ያደርጋል። የሣር ክዳን ቤት በቀን ቀዝቀዝ፣ በሌሊት ሞቅ የሚለውም በሣሩ መካከል በታሰረው አየር ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ግን አየር የሚይዝበት ክፍተት ስለሌለው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያበርዳል።

የሙቀት መከላከያ ቁስ ሁሉ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ደረቅና የማይንቀሳቀስ አየር በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ መያዝ። ባለሙያዎች የአንድን ቁስ ብቃት የሚለኩት ሙቀትን በሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቁሱ የተሻለ መከላከያ ነው። የማይንቀሳቀስ አየር 0.025 ገደማ፣ ውኃ ደግሞ 0.6 ገደማ ነው። ውኃ ከረጋ አየር ይልቅ ሙቀትን ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል ማለት ነው። ጭድም ሆነ ፎም ከረጠበ ጥቅሙን የሚያጣው ለዚህ ነው።

ኤሮጄል ምንድን ነው?

ኤሮጄልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሳሙኤል ኪስትለር ሲሆን፣ ግኝቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ በ1931 ነው። አሠራሩን ለመረዳት እርጎን ማሰብ በቂ ነው። እርጎ የረጋ ቢመስልም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው፤ ጥቂቱ ጠጣር አካል እንደ መረብ ሆኖ ውኃውን ይዞታል። እርጎን ፀሐይ ላይ ብናደርቀው መረቡ ተኮማትሮ ይጠብቃል። ኪስትለር ያገኘው መላ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አውጥቶ መረቡ ሳይኮማተር አየር እንዲተካበት ማድረግ ነው።

የሚገኘው ውጤት ከ90 በመቶ በላይ፣ አንዳንዴም ከ99 በመቶ በላይ አየር የሆነ እጅግ ቀላል ጠጣር ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም። የአየር ቅንጣቶች እርስ በርስ ለመጋጨት ከሚያስፈልጋቸው ርቀት እንኳ የጠበቡ በመሆናቸው ሙቀትን እየተቀባበሉ ማሻገር ይቸግራቸዋል። በዚህም የተነሳ ጥሩ ኤሮጄል ከረጋ አየር የተሻለ መከላከያ ይሆናል። በፋብሪካ የሚመረቱት ጥቅሎች የማስተላለፍ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 0.02 አካባቢ ነው።

ዓይነቶቹና አገልግሎታቸው

ኤሮጄሎች በተሠሩበት ነገር በዋናነት በአራት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያውና በገበያ በስፋት የሚገኘው የሲሊካ ኤሮጄል ነው። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ዋና አካል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚሠራው ኤሮጄል በእሳት አይቀጣጠልም፤ ነገር ግን ብቻውን ተሰባሪ ነው። ሁለተኛው ከፕላስቲክ ነክ ቁሶች የሚሠራው ነው፤ ይህ መታጠፍና መጎንበስ ይችላል። ሦስተኛው የካርቦን ኤሮጄል ሲሆን ኤሌክትሪክን ስለሚያስተላልፍ ኃይል ለሚያጠራቅሙ መሣሪያዎች ይፈለጋል። አራተኛው ከዕፅዋት፣ በተለይም ከእንጨትና ከሰብል ተረፈ ምርት ቃጫ የሚሠራው ነው፤ ይህ በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ያለ ነው።

በቅርጹ ደግሞ ጥራጥሬ የመሰለ፣ እንደ ብርድ ልብስ የሚጠቀለል፣ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ የሆነና ከልስን ጋር ተደባልቆ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አለ። ጥራጥሬው ብርሃን ስለሚያሳልፍ በሌሎች አገሮች በሁለት የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ገጾች መካከል ተሞልቶ ለጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ ይውላል። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው።

እ.ኤ.አ በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ሶጆርነር የተባለች ትንሽ ተሽከርካሪ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኗን ከማርስ ብርድ የጠበቀችው በሲሊካ ኤሮጄል ነው። በምድር ላይ ዋና ደንበኞቹ የነዳጅ ማጣሪያዎች፣ የእንፋሎት ቧንቧዎችና ፈሳሽ ጋዝ የሚያመላልሱ ተቋማት ናቸው። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥም በአንዳንድ አምራቾች ዘንድ አንዱ የባትሪ ክፍል ቢግል እሳቱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ቀጭን የኤሮጄል ንጣፍ በመካከል ይገባል። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከወሰነች ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ስለዚህ ኤሮጄል ሳናውቀው በአጠገባችን የሚያልፍ ቁስ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ አገልግሎቶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ክብደት አይፈቀድም ወይም ሙቀቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ኤሮጄል ዋጋው ከተለመደው ፎም በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቢሆንም የሚገዛው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። በገጠር ቀበሌ የሚሠራ የወተት መሰብሰቢያ ወይም የአትክልት መጋዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ችግር የለበትም።

ሳንቲ ሜትር በሳንቲ ሜትር

የ1 ሳንቲ ሜትር ኤሮጄል ጥቅልን ያህል ሙቀት ለማገድ ከሌሎች ቁሶች ምን ያህል ውፍረት ያስፈልጋል? በተለመደው የማስተላለፍ መጠናቸው ሲሰላ ፖሊዩሬታን ፎም 1.2፣ ነጩ ስቴሮፎም 1.8፣ የድንጋይ ሱፍ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። ደረቅ ጭድ ወይም የሩዝ ገለፈት ከ2.5 እስከ 3፣ ሰጋቱራ 3.5፣ ደረቅ እንጨት ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። የጭቃ ግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ኮንክሪት ደግሞ ከ70 በላይ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ብቻውን እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳ ጠንካራ ቢሆንም ቅዝቃዜ አይዝም። ሁለተኛ፣ ከማሳ ላይ የሚቀረው ጭድ በ3 ሳንቲ ሜትር ከኤሮጄል አንድ ሳንቲ ሜትር ጋር ይስተካከላል። ቦታ እስካለ ድረስ ውፍረት መጨመር ውድ ቁስ ከመግዛት ይቀላል።

ይህን በቀዝቃዛ መጋዘን ላይ እናስላው። ርዝመቱና ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ቲማቲም በ12 ዲግሪ እንዲያቆይ ይፈለጋል፤ የውጭው አየር 30 ዲግሪ ነው። ወለልና ጣሪያን ጨምሮ ግድግዳው ሁሉ በ10 ሳንቲ ሜትር ፖሊዩሬታን ፎም ቢሸፈን የሚገባው ሙቀት 220 ዋት ገደማ ይሆናል። በተመሳሳይ ውፍረት ኤሮጄል ቢሆን 170 ዋት ገደማ ነው። መከላከያ የሌለው የብሎኬት ክፍል ቢሆን ግን ከ2,000 ዋት ይበልጣል። ከባዶ ግድግዳ ወደ ፎም መሸጋገር የሙቀቱን ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ያስቀራል፤ ከፎም ወደ ኤሮጄል መሸጋገር የሚጨምረው ጥቅም ግን 50 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የገጠር መጋዘን ገንዘብ መዋል ያለበት የት እንደሆነ ይህ ስሌት ያሳያል።

መከላከያ አያቀዘቅዝም

ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሙቀት መከላከያ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ያለውን ሁኔታ ያቆያል እንጂ። ትኩስ ወተት በጭድ ወይም በኤሮጄል ቢሸፈን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ባክቴሪያውም በምቾት ይራባል። ስለዚህ ወተቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በማቀዝቀዣ ገንዳ መቀዝቀዝ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መሸፈን አለበት።

ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወደ 5 ዲግሪ የቀዘቀዘ 40 ሊትር ወተት በአሉሚኒየም ዕቃ ሆኖ 25 ዲግሪ አየር ውስጥ፣ ጥላ ሥር ያለ ሽፋን ቢጓዝ በሰዓት 2.5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በሦስት ሰዓት ውስጥ 12 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ገለፈት ወይም ጭድ ዙሪያውን፣ ከላይና ከታች ከተሸፈነ በሰዓት የሚጨምረው 0.3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ከሦስት ሰዓት በኋላም 6 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በ1 ሳንቲ ሜትር ኤሮጄል ብንሸፍነው ደግሞ ጭማሪው በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ጉዞ በሸራና በላስቲክ መካከል በደንብ የታሸገ ጭድ ከኤሮጄሉ አያንስም። ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ ሲያገኘው ግን ያልተሸፈነው ወተት ከዚህም ፈጥኖ ይሞቃል።

ለአትክልትም ሕጉ ያው ነው። 10 ኩንታል ቲማቲም በ28 ዲግሪ ተለቅሞ ወደ 12 ዲግሪ ለማውረድ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መወገድ አለበት። ጎህ ሲቀድ በ16 ዲግሪ ቢለቀም ግን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ይበቃል። ማለዳ መልቀምና ጥላ ሥር ማቆየት ምንም ወጪ የሌለው የማቀዝቀዣ ዘዴ ነው። ቲማቲምና ሙዝ ከመጠን በላይ ቢቀዘቅዙም እንደሚጎዱ መዘንጋት የለበትም፤ ለሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች መውረድ አይመከርም።

እንደ ቆቦ ባሉ ደረቅና ሞቃት ቆላዎች በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል አሸዋ ሞልቶ ውኃ በማጠጣት የሚሠራ ማቆያም ይጠቅማል። ይህ ግን ውኃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ የሚያቀዘቅዝ እንጂ ሙቀት መከላከያ አይደለም። አሸዋው መርጠብ አለበት፤ ጭዱና ፎሙ ግን ምንጊዜም ደረቅ መሆን አለባቸው። ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል።

በእጃችን ያለው ልምድ

የሙቀት መከላከያ ለእንስሳት እርባታችን አዲስ አይደለም። የተሻሻሉ ዝርያ ኮርማዎች አባላዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ተጠብቆ ከቃሊቲ እስከ ወረዳ ይጓዛል። ይህን ቅዝቃዜ የሚጠብቀው በዕቃው ሁለት ግድግዳዎች መካከል አየሩ ተመጥጦ የወጣበት ክፍተት ነው። ዕቃው ከተጋጨና ክፍተቱ አየር ካስገባ ናይትሮጅኑ በፍጥነት ይተናል፤ በዕቃው የውጭ ገጽ ላይ ውርጭ ወይም ጤዛ መታየቱ የብልሽቱ ምልክት ነው። የማዳቀያ ባለሙያዎች ይህን ምልክት ባዩ ጊዜ ይዘቱን ሳይዘገዩ ወደ ደህና ዕቃ ማዛወር አለባቸው።

ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚወጡ ክትባቶችም እንደየዓይነታቸው በታዘዘላቸው ቅዝቃዜ መጓዝ አለባቸው፤ ለብዙዎቹ ይህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። በፎም በተሠራ ሣጥን ውስጥ በረዶ ይዘው ሲጓዙ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ያልቃል። በቦሌ አየር ማረፊያ አበባ፣ አትክልትና ሥጋ ለውጭ ገበያ የሚጠብቁባቸው ቀዝቃዛ ክፍሎችም በዚሁ መርህ የተሠሩ ናቸው።

በጫጩት እርባታ ደግሞ በአገራችን የተሞከረውና ለአርሶ አደሮች የተዋወቀው የድርቆሽ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ግድግዳዎች ዙሪያ ድርቆሽ ይሞላል፤ ጫጩቶቹ ከራሳቸው ሰውነት በሚወጣው ሙቀት ይሞቃሉ። መብራትም ከሰልም አይፈልግም። ሣሩ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ መቀየር፣ አየር መግቢያውንም አለመድፈን ግን ግዴታ ነው።

ከፎገራ ሩዝ ኤሮጄል?

ኤሮጄል ከእኛ እጅግ የራቀ ቢመስልም ጥሬ ዕቃው በክልላችን ተከምሮ ይገኛል። ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ገለፈት ይወጣል። ገለፈቱ ሲቃጠል አምስተኛው ያህል አመድ ይሆናል፤ ከአመዱ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው። ስለዚህ ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ገለፈት፣ ከዚያም 4 ኪሎ ያህል አመድና ከ3 ኪሎ በላይ ሲሊካ ሊገኝ ይችላል። ይህ ሲሊካ ኤሮጄል ከሚሠራበት ጋር አንድ ነው።

በማሌዥያ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሃሊማቶን ሃምዳን ከሩዝ ገለፈት ኤሮጄል ሠርተው ማኤሮጄል ብለውታል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሚገኝበት በፎገራ፣ ወረታ ዙሪያ ከመፈልፈያዎች የሚወጣው ገለፈት ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪና የምህንድስና ክፍሎች መልካም የምርምር ርዕስ ነው። ኤሮጄል ማምረት ግን ልዩ መሣሪያ፣ ኬሚካልና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ በቀበሌ ደረጃ የሚሞከር አይደለም። ገለፈትን በማይቆጣጠሩት እሳት ማቃጠልም ሲሊካውን ለሥራ ያበላሸዋል፤ አቧራውም ለሳንባ አደገኛ ይሆናል።

ለአርሶ አደሩና ለማኅበሩ ዛሬ የሚጠቅመው ገለፈቱ ራሱ ሳይቃጠል ነው። ደረቅ ገለፈት በከረጢት ተሞልቶ በመጋዘን ሁለት ግድግዳዎች መካከል ወይም ከጣሪያ በታች ቢደረደር ጥሩ መከላከያ ይሆናል። እንዳይረጥብ በላስቲክ፣ አይጥ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ መጠበቅ፣ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ገመድም መራቅ አለበት።

ወረዳው ሲገዛ ምን ይጠይቅ?

ቀዝቃዛ መጋዘን፣ የወተት ማቀዝቀዣ ወይም የክትባት ሣጥን የሚገዙ ጽሕፈት ቤቶችና ዩኒየኖች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የሚከተሉትን ቢያካትቱ ገንዘባቸውን ያድናሉ።

የመከላከያውን ስም ብቻ ሳይሆን የሙቀት ማስተላለፊያ መጠኑንና ውፍረቱን በቁጥር ይጠይቁ። ሻጩ ቁጥሩን በሰነድ ካላቀረበ ኤሮጄል ማለቱ ዋስትና አይሆንም። 

የበሩን፣ የማዕዘኑንና የመገጣጠሚያውን አሠራር ይመርምሩ። ግድግዳው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በማይገጥም በር የሚገባው ሙቀት ከንቱ ያደርገዋል። ወለሉና ጣሪያው መሸፈናቸውንም ያረጋግጡ።

ከእርጥበት መከላከያ ያለው መሆኑን ይዩ። በሙቅ አየር በኩል ያለው ገጽ እርጥበት ካስገባ ቁሱ ውስጥ ለውስጥ ይረጥባል።

የእሳት ጉዳይን አይዝለሉ። ፎም ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ የድንጋይ ሱፍና የሲሊካ ኤሮጄል ግን በቀላሉ አይቀጣጠሉም። ኤሮጄል ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ቆዳንና ጉሮሮን ስለሚያደርቅ ሠራተኞች ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል።

በመጨረሻም ኤሮጄል የሚያስፈልግበትን ቦታ ይለዩ። ጠባብ የተሽከርካሪ ሣጥን፣ በእጅ የሚያዝ የክትባት መያዣ ወይም የወተት ማፍያ የእንፋሎት ቧንቧ ከሆነ ዋጋው ሊመለስ ይችላል። ሰፊ ቦታ ላይ ለሚሠራ መጋዘን ግን ወፍራም ፎም፣ ጭድ ወይም ገለፈት ይበቃል።

አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። ሙቀት ከገባ በኋላ ማውጣት መብራትና ነዳጅ ይፈጃል፤ እንዳይገባ ማገድ ግን አንድ ጊዜ በሚደረግ ዝግጅት ይቻላል። የመኸር ጭድ ከመቃጠሉ ወይም በዝናብ ከመበስበሱ በፊት የተወሰነው ደርቆ በከረጢት ቢቀመጥ፣ የወተት ማኅበራትም በየመሰብሰቢያቸው ቢያንስ አንድ የሙቀት መለኪያ ይዘው ወተቱን ሲጭኑና ላምበረት ሲያራግፉ ቢለኩ፣ የትኛው ዘዴ እንደሚያዋጣቸው ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቁታል።